ከብዙ አገር የመጡ ፊልሞችን በአንድ ፌስቲቫል ማሳየት፦ ከምርጫ እስከ ፕሮጀክተር ክፍል

ማሂ_ፊልም

ሰላም ለቤቱ። አዲስ አበባ ውስጥ በኅዳር ለሚካሄድ የ6 ቀን ፌስቲቫል ዓለም አቀፍ ክፍሉን እያዘጋጀን ነው። ሁለት ቦታ አለን። አንዱ ዲሲፒ (ፊልም ለሲኒማ ቤት የሚላክበት ዲጂታል ጥቅል) የሚያጫውት ፕሮጀክተር ያለው ባለ 220 ወንበር ሲኒማ ቤት ነው፤ ሌላው ተራ የስብሰባ ፕሮጀክተር ያለው፣ 80 ሰው የሚይዝ አዳራሽ። 18 ረጅም ፊልምና 3 የአጫጭር ፊልም ጥቅል ለማስገባት አስበናል። እስካሁን በዝርዝሩ ላይ ፈረንሳይ፣ ጀርመን፣ ኢራን፣ ሴኔጋል፣ ቱኒዚያ፣ ጃፓን፣ ሕንድና አርጀንቲና አሉ።

ጥያቄዬ ሦስት ነው። አገሮቹን በምን እናመጣጥን? ለሁሉም የአማርኛ ሰብታይትል ይሠራላቸው ወይስ በእንግሊዝኛው እንለፍ? ፊልሞቹስ በምን መልክ ይላኩልን፣ የት ላይስ ይበላሻል? ሥራውን የምታውቁ ቁጥር ቁጥሩን ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

---

የአምፒር_ወንበር

ማሂ፣ መጀመሪያ 18ቱን ወደ 12 አውርጂው። በሁለት ቦታ በቀን ሦስት ሦስት ጊዜ ብታሳዩ በ6 ቀን 36 ክፍተት አላችሁ። 12 ረጅም ፊልም ሁለት ሁለት ጊዜ ሲታይ 24 ይወስዳል፣ ሦስቱ ጥቅል ሁለት ሁለት ጊዜ 6። ከቀሪው 6 መክፈቻና መዝጊያ ሁለቱን ይበላሉ፤ አራቱ መጠባበቂያ ይሁኑ። አንድ ሃርድ ዲስክ ጉምሩክ ላይ ቢቆይ ወይም አንድ ፋይል አልከፈት ቢል ፊልሙን የምታዛውሪበት ቦታ እነዚህ ናቸው። ሁለት ጊዜ ማሳየቱ ደግሞ ቅንጦት እንዳይመስልሽ። ስሙ እዚህ ያልተሰማ ዳይሬክተር ፊልም በመጀመሪያው ቀን 40 ሰው ቢያይለት፣ ሁለተኛውን አዳራሽ የሚሞላው የነዚያ የ40ዎቹ ወሬ ነው።

ክፍተቱን ስትለኪ የፊልሙን ርዝመት ብቻ አትያዥ። 95 ደቂቃ ለሆነ ፊልም 10 ደቂቃ ማስተዋወቂያ፣ 25 ደቂቃ ውይይት፣ 20 ደቂቃ አዳራሽ ማስወጣትና ማጽዳት ጨምሪ፤ 150 ደቂቃ፣ ማለትም ሁለት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ስለዚህ ትልቁ አዳራሽ ከቀኑ 8፡00፣ ከ10፡30 እና ከምሽቱ 1፡00 ላይ ይጀምር። ውይይት ያለው እንግዳ 10፡30 ላይ ይግባ። የምሽቱን ለአጭርና እንግዳ ለሌለው ፊልም ተዪው፤ ከ3 ሰዓት በኋላ ታክሲ የሚያስጨንቀው ተመልካች ውይይቱን ትቶ ይወጣል። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» 140 ደቂቃ ነው፤ ማስተዋወቂያ ሲጨመርበት ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩሉ ያልቃል። እንዲህ ያለ ርዝመት ያለውን ቀጥሎ ባዶ ክፍተት ባለበት አስቀምጪው። ቅዳሜና እሁድ ከሰዓት የእንግሊዝ ኳስ አለ፤ የጨዋታውን ሰሌዳ ሳታዪ ፕሮግራም እንዳታትሚ።

አገር ማመጣጠኑ ላይ፦ ባንዲራ አትቁጠሪ። ካታሎግ ላይ «ሴኔጋል» የሚለው ፊልም መጨረሻው ላይ ስሞቹን ብታነቢ ፈረንሳይ፣ ጀርመንና ቤልጂየም አብረው ያወጡበት ሆኖ ታገኝዋለሽ። ይህ ነውር አይደለም፤ «ጤዛ»ም የኢትዮጵያ፣ የጀርመንና የፈረንሳይ ሥራ ነው፣ የያሬድ ዘለቀ «ላምብ»ም እንደዚሁ የብዙ አገር። ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከላቲን አሜሪካ ወደ ትልልቅ ፌስቲቫሎች የሚደርሱ ፊልሞች ብዙዎቹ በጥቂት የገንዘብ ድጋፎች በኩል ያልፋሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ያለው የሮተርዳሙ ሁበርት ባልስ ፈንድና እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ያለው የበርሊኑ ወርልድ ሲኒማ ፈንድ ዋናዎቹ ናቸው። መልካም ፊልሞች ናቸው። ግን ከአሥር አገር አሥር ጸጥ ያለ፣ ዝግ ያለ፣ ኀዘን ያጠላበት ድራማ ሰብስበሽ «ልዩ ልዩ» ብትዪ ተመልካቹ በሦስተኛው ቀን ይገባዋል።

ስለዚህ በዓይነት ክፈዪው። ከ12ቱ 3 ዶክመንተሪ፣ 1 አኒሜሽን፣ ቢያንስ 2 ሰው የሚያስቅ፣ 1 ታድሶ የወጣ የድሮ ፊልም፣ 1 ዘውጉ የለየለት (ወንጀል ወይም አስፈሪ)፣ የቀረው ድራማ ይሁን። ከሁለት ሰዓት የሚበልጡት ከሦስት አይለፉ። ይህን ከሞላሽ በኋላ አገሮቹን እዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ተመጣጥነው ይገኛሉ።

---

ጥቁር_መጋረጃ

በአብዛኛው እስማማለሁ፣ በአንዱ ግን አይደለም። የሚያስቅ ፊልም ከውጭ ማምጣት አደገኛ ነው፤ ቀልድ በሰብታይትል ይሞታል። ሁለት ማስገባት ብዙ ነው፤ አንድ፣ እሱም ቀልዱ በንግግር ሳይሆን በድርጊት የሆነ ቢሆን ይሻላል።

---

የአምፒር_ወንበር

@ጥቁር_መጋረጃ ያልከው በንግግር ለሚያስቀው እውነት ነው። ይህን የምትለይበት መንገድ አለ፦ ፊልሙን ድምፁን አጥፍተህ 10 ደቂቃ ተመልከተው። ፈገግ ካሰኘህ አስገባው። ቁጥሩ ላይ ግን አልለቅም፣ ሁለት ይሁን።

---

መብትና_ውል

ከምርጫው በፊት የሚመጣው የማሳየት መብት ነው። ፊልሙን በዲስክ መግዛት ወይም ከኢንተርኔት ማውረድ ለሕዝብ የማሳየት ፈቃድ አይሰጥም፤ የእኛም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሕዝብ ማሳየትን የባለመብቱ ያደርገዋል።

ለማን ይጻፋል? አዲስ ፊልም ከሆነ ለዓለም አቀፍ ሽያጭ ወኪሉ። ስሙ በፊልሙ ፖስተርና በትልልቅ ፌስቲቫሎች ካታሎግ ግርጌ ይገኛል። ወኪሉ ካልተገኘ የአገሩን የፊልም አስተዋዋቂ ተቋም ጠይቁ፤ ፈረንሳይ ዩኒፍራንስ፣ ጀርመን ጀርመን ፊልምስ፣ ስዊዘርላንድ ስዊስ ፊልምስ አሏቸው። አድራሻ መስጠት ሥራቸው ነው፣ በፍጥነት ይመልሳሉ።

የመጀመሪያው ኢሜይል ላይ እነዚህ ካልተጻፉ መልስ ይዘገያል፦ የፌስቲቫሉ ቀን በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ስንት ጊዜ እንደሚታይ፣ የወንበር ብዛት፣ የቲኬት ዋጋ ወይም ነፃ መሆኑ፣ የምትጫወቱት ፎርማት፣ የአማርኛ ሰብታይትል መሥራት እንደምትፈልጉ። የመጨረሻዋ ትረሳለች። ፈቃዱን በጽሑፍ ካልያዛችሁ ትርጉሙን ሠርታችሁ ጨርሳችሁ «አይሆንም» ልትባሉ ትችላላችሁ። ትርጉሙ ካለቀ በኋላ የማን እንደሚሆንም ያኔውኑ ተነጋገሩ፤ ብዙ ወኪል ፋይሉን በነፃ ከሰጣችሁት የማሳያ ክፍያውን ይቀንሳል። ይህ ለእናንተ ዓይነቱ ፌስቲቫል ጥሩ መደራደሪያ ነው።

ክፍያው ለአንድ ረጅም ፊልም ብዙውን ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዩሮ ነው፤ ለአጭር ፊልም ከነፃ ጀምሮ። ከአንድ ወኪል ሦስት ፊልም አንድ ላይ ስትጠይቁ ይወርዳል። የውጭ ምንዛሪ ክፍያ በባንክ በኩል ጊዜ ስለሚወስድ ደረሰኙን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት አስልኩ፤ አንዳንዱ ወኪል ገንዘቡ ሳይገባ ፊልሙን አይለቅም።

ለፈረንሳይና ለጀርመን ፊልሞች ሌላ በር አለ። የፈረንሳይ ተቋም አይኤፍሲኔማ በሚባለው መድረኩ ከፈረንሳይ የባህል ማዕከላት መረብ ጋር ለሚደረግ ንግድ ነክ ላልሆነ ማሳያ መብታቸው የተከፈለ ፊልሞች አሉት፤ ጎተ ኢንስቲትዩትም የራሱ ካታሎግ አለው። አዲስ አበባ ውስጥ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝንና ጎተን አነጋግሩ። ቅድመ ሁኔታውን ግን አንብቡ፦ ንግድ ነክ ያልሆነ ማለት ቲኬት ላይሸጥበት ይችላል ማለት ነው። እነዚያን ፊልሞች ነፃ መግቢያ ባለው በትንሹ አዳራሽ ብታደርጉ ይቀላል።

---

ፊደል_ቆጣሪ

ስለ ሰብታይትል። ንግግር የሚበዛበት የ90 ደቂቃ ፊልም ከ900 እስከ 1200 መስመር ይወጣዋል። ጥሩ ተርጓሚ ሲሠራ 4 ወይም 5 ቀን፣ ሌላ ሰው ከምስሉ ጋር አስተያይቶ ሲያርም 1 ቀን። ለ12 ፊልም ይህን አባዢውና ስንት ሰው እንደሚያስፈልግሽ ይታይሻል። ሁሉንም መሥራት ካልቻላችሁ ቅድሚያውን ለአኒሜሽኑ (ልጆች ስለሚመጡ)፣ ለዶክመንተሪዎቹና ለመክፈቻው ፊልም ስጡ።

ለላቲን ፊደል የሚነገረው «በአንድ መስመር 42 ሆሄ» ለእኛ አይሠራም። አንዱ ፊደላችን ተነባቢና አናባቢ አብሮ ስለሚይዝ 42 ፊደል በጣም ረጅም መስመር ነው፤ ዓይን አይደርስበትም። በተግባር የሚይዘው በአንድ መስመር ከክፍት ቦታው ጋር 28 ገደማ፣ ከሁለት መስመር ሳይበልጥ ነው። ሁለት ሙሉ መስመር ወደ 6 ሰከንድ ይቆይ። አንድ ቃልም ብትሆን ከአንድ ሰከንድ በታች አትታይ።

የሚበላሸው በዋናነት እዚህ ነው፦

ተርጓሚው ምስሉን ሳያይ ከእንግሊዝኛው የጽሑፍ ፋይል ብቻ ሲሠራ። እንግሊዝኛው አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን አይለይም። ምስል የሌለው ተርጓሚ ሚስትን «አንተ»፣ አያትን «አንቺ» ያደርጋል፤ አዳራሹም በኀዘን ትዕይንት ላይ ይስቃል። ለፋርስኛ፣ ለጃፓንኛና ለፈረንሳይኛ ፊልሞች ይህ ይብሳል፣ ምክንያቱም በዋናው ቋንቋ ውስጥ ያለውን ማክበርና መቀራረብ እንግሊዝኛው በልቶታል። ከመጀመሩ በፊት ማን ማንን እንዴት እንደሚጠራ የአንድ ገጽ ሰንጠረዥ ይሠራ።

አረፍተ ነገሩ ሲቆረጥ። ግሣችን መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር በሦስት ብቅታ (ብቅታ ስክሪኑ ላይ በአንዴ የሚወጣው ጽሑፍ ነው) ከተከፋፈለ ተመልካቹ ምን እንደተባለ የሚያውቀው በሦስተኛው ላይ ነው፤ ያኔ ትዕይንቱ ተቀይሯል። ስለዚህ እያንዳንዱ ብቅታ የራሱ ግሥ ይኑረው። ዓረፍተ ነገሩን ስበሪው፣ አሳጥሪው፣ ከዋናው ቅደም ተከተል መውጣትን አትፍሪ።

ፊደሉ ሲጠፋ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ በድሮው አሠራር የተጻፈ ጽሑፍ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒውተር የሚያነበው የፊደል አሠራር) ስላልሆነ ስክሪኑ ላይ የተዘበራረቀ የላቲን ምልክት ሆኖ ይወጣል። ሁሉም ከመጀመሪያው በዩኒኮድ ይጻፍ፣ ፋይሉም በዩቲኤፍ-8 ይቀመጥ። አንዳንድ የጽሑፍ ፕሮግራም ሲያስቀምጥ በራሱ ሌላ ስለሚመርጥ «እንደ አዲስ አስቀምጥ» ላይ ገብታችሁ አረጋግጡ።

ፍጥነቱ ሳይገጥም ሲቀር። ከኢንተርኔት የተገኘ ወይም ለቴሌቪዥን የተሠራ የጽሑፍ ፋይል በሰከንድ 25 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ላይ ተለክቶ፣ የእናንተ ፊልም ግን 24 ከሆነ፣ ስሕተቱ በመቶ 4 ነው። በ90 ደቂቃ ፊልም መጨረሻ ላይ ጽሑፉ ከ3 ደቂቃ ተኩል በላይ ቀድሞ ይሄዳል። በ23.976 እና በ24 መካከል ደግሞ 5 ሰከንድ ያህል ነው፤ መጀመሪያ ላይ ስለማይታወቅ ይህኛው ይብስ ያታልላል። ሁልጊዜ መጨረሻዎቹን 10 ደቂቃዎች ፈትሹ።

---

ማሂ_ፊልም

በጣም አመሰግናለሁ። @ፊደል_ቆጣሪ፣ አማርኛው ምስሉ ላይ ይታተም ወይስ ለብቻው ይሂድ? ሁለት ሰው ሁለት ነገር ነግሮኛል።

---

ጥቁር_መጋረጃ

ይታተም። ክርክር የለውም፤ ምስሉ ላይ የታተመ ጽሑፍ የትም ማሽን ላይ ይወጣል።

---

ጋሽ_ላምፓ

ጥቁር መጋረጃ ልጄ፣ ተረጋጋ። መታተም የሚቻለው ባለመብቱ ያልተቆለፈ ቅጂ ከሰጣችሁ ነው። ከሽያጭ ወኪል የሚመጣው ዲሲፒ ግን ብዙውን ጊዜ ቁልፍ አለው፤ ውስጡ ገብተህ ምንም ልታትምበት አትችልም። ያላችሁ መንገድ ሦስት ነው።

አንደኛው ያልተቆለፈ ፋይል ተቀብሎ ማተም። ለትንሹ አዳራሽ የሚሆነው ይኼ ነው።

ሁለተኛው ተጨማሪ ጥቅል፣ በሙያው ቪኤፍ የሚባለው። ዋናው ዲሲፒ ሳይነካ የአማርኛው ጽሑፍ ብቻ በትንሽ ፋይል ይሠራና ማሽኑ ውስጥ ከዋናው ጋር ይጣመራል። ዲሲፒ-ኦ-ማቲክ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ይሠራል። ሁለት እንቅፋት አለው። የሚላከው የፊደል ፋይል ኢንተርኦፕ በሚባለው በድሮው የዲሲፒ ደረጃ ከ640 ኪሎባይት መብለጥ የለበትም፤ የግዕዝ ፊደል ፋይል ሊበልጥ ስለሚችል የማትጠቀሙበትን አስወጥታችሁ አሳንሱት። ሌላው፣ ዋናው የተቆለፈ ከሆነ ቁልፉ ለአዲሱ ጥምር ተብሎ እንደገና መሠራት አለበት፤ ይህን የሚያደርገው የባለመብቱ ላቦራቶሪ እንጂ እናንተ አይደላችሁም። ለአንድ ፊልም ሁለት ሳምንት የኢሜይል ምልልስ ያዙለት።

ሦስተኛው፣ ለተቆለፉት የምመክረው፣ ጽሑፉን በሌላ ትንሽ ፕሮጀክተር ከስክሪኑ በታች ባለ ጥቁር ጨርቅ ላይ ማሳየት ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ንግግሩን እየተከተለ በየመስመሩ ይጫናል። ትልልቅ ፌስቲቫሎችም ያደርጉታል። ዋናው ፊልም አይነካም፣ የእንግሊዝኛው ጽሑፍም በቦታው ይቀራል። ጥንቃቄው፦ የትንሹ ፕሮጀክተር «ጥቁር» እውነተኛ ጥቁር አይደለም፣ ግራጫ ብርሃን ይረጫል። ከጽሑፉ ውጪ ያለውን በካርቶን ሸፍኑት፣ ማሽኑን ኃይል ቆጣቢው ላይ አድርጉት፣ ፊደሉን ከነጭ ይልቅ ፈዘዝ ያለ ግራጫ አድርጉት። የሚጫነው ሰው ፊልሙን አስቀድሞ ሁለት ጊዜ ካላየ አይቀመጥ።

---

ማሂ_ፊልም

ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ዲሲፒው ራሱና ስለ ቁልፉም ቢጨምሩልኝ?

---

ጋሽ_ላምፓ

እሺ ልጄ።

መጠኑ፦ ዲሲፒ ምስሉን እስከ 250 ሜጋቢት በሰከንድ ሊይዝ ይችላል። 95 ደቂቃ ፊልም በዚህ ጣሪያ ወደ 178 ጊጋባይት ይሆናል። በኢንተርኔት እናውርድ ካላችሁ 150 ጊጋባይት በ20 ሜጋቢት መስመር ያለ መቋረጥ 16 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይወስዳል፤ በተግባር ሁለት ሌሊት። የሚቆራረጥ መስመር ላይ ካቆመበት የሚቀጥል የማውረጃ ፕሮግራም ይኑር፣ የድረ ገጽ መክፈቻው ላይ ዝም ብላችሁ አትጫኑት።

ዲስኩ፦ የሲኒማ ማሽን በሊኑክስ ኤክስት 2 ወይም ኤክስት 3 የተዘጋጀ ዲስክ ያነባል፣ አብዛኛው በዊንዶውሱ ኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀውንም። በማክ ወይም በኤክስፋት የተዘጋጀ ዲስክ ግን ሲሰኩት ባዶ መስሎ ይታያል። ፋይሎቹን ስትገለብጡ ስም አትቀይሩ፣ የጥቅሉን ፎልደር ከነሙሉ ይዘቱ ውሰዱ። አንዷ ትንሽ የዝርዝር ፋይል ከጎደለች ማሽኑ ፊልሙን አያውቀውም። በድሮው ዩኤስቢ 2 መገልበጡ ለ150 ጊጋባይት ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ ስለዚህ «ዛሬ ደርሶ ዛሬ ይታያል» የሚባል ነገር የለም።

ፍሬም፦ ከአውሮፓ የሚመጡ ዶክመንተሪዎች ብዙዎቹ በ25 ፍሬም የተሠሩ ናቸው። ኢንተርኦፕ 24ን እና 48ን ብቻ ያውቃል፤ 25 የሚሠራው በአዲሱ የስምፕቴ ደረጃ ነው። ማሽናችሁ አሮጌ ከሆነ 24 የሆነ ቅጂ ጠይቁ።

የምስሉ ቅርፅ፦ ፍላት የሚባለው 1998 በ1080፣ ሰፊው ስኮፕ 2048 በ858 ነው። የድሮው ታድሶ የወጣ ፊልም ግን ስፋቱ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ያኔ ከፍላቱ መሀል 1480 በ1080 ብቻ ይይዝና ግራና ቀኙ ጥቁር ይሆናል። «ስክሪኑን አልሞላም» ብሎ የሚጎትተው ኦፕሬተር አለ፤ ጭንቅላትና እግር ይቆረጣል። አይነካ።

ድምፅ፦ የዶልቢ ድምፅ ፕሮሰሰሩ ቁጥር 7 ላይ ሲሆን የተለካው መደበኛ የሲኒማ ድምፅ ነው። አብዛኛው አዳራሽ በ4.5 እና በ5.5 መካከል ያጫውታል። ለቴሌቪዥን የተቀመረ ዶክመንተሪ ከሲኒማ ፊልም በጣም ይለያል፤ አንዱን ባደረጉበት ሌላውን ከተዉት ወይ ይጮኻል ወይ አይሰማም። ለየፊልሙ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋችሁ ፕሮጀክተር ክፍሉ ግድግዳ ላይ ለጥፉ።

አሁን ቁልፉ። ኬዲኤም የሚባል ትንሽ ፋይል ነው፣ በኢሜይል ይመጣል። የሚሠራው ለአንድ ማሽን ብቻ፣ ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። የማሽኑን ሰርተፍኬት ከሲኒማ ቤቱ ቴክኒሻን ተቀብላችሁ ከሦስት ሳምንት በፊት ለየወኪሉ ላኩ። በመሀል የማሽኑ ሚዲያ ብሎክ (ቁልፉን የሚፈታው ካርድ) ከተቀየረ ሰርተፍኬቱም ይቀየራል፤ የተላኩት ቁልፎች በሙሉ ዋጋ የላቸውም። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሁልጊዜ ፌስቲቫል ሊቃረብ ሲል ነው፣ ለምን እንደሆነ እንጃ።

ሰዓቱ ላይ አደራ። ላቦራቶሪው የእኛን አቆጣጠር አያውቅም። «ከምሽቱ 1 ሰዓት» ብላችሁ ከጻፋችሁ ከእኩለ ሌሊት በኋላ 1 ሰዓት ይሆንባቸዋል። 19፡00 በአዲስ አበባ፣ ማለትም 16፡00 በዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ብላችሁ ሁለቱንም ጻፉ። ቀኑንም እንዲሁ፦ ኅዳር 12 በአብዛኛው ዓመት ኖቬምበር 21 ነው፣ ጳጉሜን 6 ከነበረበት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ኖቬምበር 22። የቁልፉ ጊዜ ከማሳያው 48 ሰዓት ቀድሞ ይክፈት፣ ካለቀ በኋላም 12 ሰዓት ይቆይ። ያለዚያ መሞከሪያ ጊዜ የላችሁም፣ ፕሮግራም ብታዛውሩም ይቆለፍባችኋል። የማሽኑ ውስጣዊ ሰዓት ደግሞ በዓመት ከ6 ደቂቃ በላይ አይስተካከልም፤ በጣም ከራቀ ፋብሪካው ነው የሚነካው። አሁኑኑ ከስልካችሁ ጋር አስተያዩት።

---

ትንሿ_አዳራሽ

ለባለ 80 ወንበሩ ልጨምር። የተቆለፈ ዲሲፒ በላፕቶፕ አይከፈትም፣ አትሞክሩ። ወኪሉን ፕሮሬስ 422 ወይም ኤች 264 ፋይል ጠይቁ፤ 1920 በ1080፣ ኤች 264 ከሆነ ከ20 እስከ 30 ሜጋቢት በሰከንድ።

ሁለት ነገር ያበላሻል። አንዱ፣ ላፕቶፑ በ60 ኸርዝ እያወጣ ፊልሙ 24 ፍሬም ከሆነ፣ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞር ምስሉ ይንቀጠቀጣል። የስክሪን ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ፕሮጀክተሩ ከተቀበለ 24 ኸርዝ ላይ አድርጉት። ሁለተኛው ድምፁ ነው። ፋይሉ ባለ 5.1 ሆኖ ላፕቶፑ ግራና ቀኝን ብቻ ካወጣ፣ ንግግሩ የሚገኝበት የመሀል ድምፅ ይቀራል፦ ሙዚቃው ይሰማል፣ ሰዎቹ አፋቸውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ። ወደ ስቴሪዮ ተቀላቅሎ የመጣ ፋይል ጠይቁ። ዝማኔን፣ ስክሪን ሴቨርንና ማሳወቂያዎችን ማጥፋት ግልጽ ነው፣ ግን ሁልጊዜ ይረሳል።

---

ሲልቨር_ስፕሪንግ_ነኝ

ከአሜሪካ ነኝ፤ ስለ ውይይቱና ስለ አጫጭሮቹ ብቻ። ዳይሬክተሩ በፈረንሳይኛ ተናግሮ ወደ አማርኛ ሲተረጎም ጊዜው በእጥፍ ይሄዳል። 25 ደቂቃ ውይይት ማለት አራት ወይም አምስት ጥያቄ ነው። አወያዩ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አዘጋጅቶ ይምጣ፣ ተርጓሚውም ፊልሙን አይቶ ይግባ። በኢንተርኔት ከሆነ የዳይሬክተሩ ድምፅ በአዳራሹ ድምፅ ማጉያ ሲወጣ ተመልሶ ማይክሮፎኑ ውስጥ ገብቶ ያስተጋባል፤ የአዳራሹ ማይክሮፎን እሱ ሲናገር ይዘጋ።

የአጫጭር ጥቅል ከ80 እስከ 90 ደቂቃ፣ ከ5 እስከ 7 ፊልም ይበቃል። ረጅሙን መጀመሪያ አታድርጉ፣ ከባዱን መጨረሻ አታድርጉ። ንግግር የሌለውን ሁለት ንግግር የበዛባቸው መሀል አስገቡት፣ ዓይን ከንባብ ያርፋል። በየመካከሉ 3 ሰከንድ ጥቁር ተዉ፤ ያለዚያ የአንዱ መጨረሻ ከሌላው መጀመሪያ ጋር ይጋጫል፣ የሚያጨበጭብም ሰው ቦታ አያገኝም። በአንድ ርዕስ («ስደት»፣ «ሴቶች») ሰብስቦ ማሳየት ለስፖንሰር ደስ ይላል፣ ለተመልካች ግን ይደክማል። የቅርፅ ልዩነት ይሻላል።

---

ፊደል_ቆጣሪ

3 ሰከንዷን ወድጃታለሁ። ለአጫጭሮቹ የጽሑፉ መጠን በሁሉም ላይ አንድ ይሁን፤ ከሰባት ፌስቲቫል የተሰበሰቡ ሰባት ዓይነት ፊደሎች ሲፈራረቁ ያስጠላል።

---

ማሂ_ፊልም

ሁሉንም እየጻፍኩ ነው። የመጨረሻ ጥያቄ፦ መብራት በፊልሙ መሀል ቢጠፋስ? ጄኔሬተር አለ፣ ግን ለመነሳት ወደ አንድ ደቂቃ ይወስዳል።

---

ጋሽ_ላምፓ

ዋናው ጉዳት አንድ ደቂቃው አይደለም። ፊልሙን የሚያጫውተው ሰርቨር ከጠፋ ተመልሶ እስኪነሳ ብዙ ደቂቃ ይፈልጋል፤ የፕሮጀክተሩ የዜኖን አምፖል ደግሞ ማቀዝቀዣው በድንገት ከቆመበት ይጎዳል፣ ወዲያው መልሶ ማብራትም አይወድም። ስለዚህ ዩፒኤሱን ለአምፖሉ አታስቡት፣ ብዙ ኪሎዋት ስለሚበላ አይችለውም። ሰርቨሩን፣ የድምፅ ፕሮሰሰሩንና የሚቻል ከሆነ የማቀዝቀዣ ፋኑን ዩፒኤስ ላይ አድርጉ። ያኔ ፊልሙ የቆመበትን ሳይረሳ ይጠብቃል። አምፖሉ እስኪበርድ 10 ደቂቃ ያዙ፤ ስትመለሱ 30 ሰከንድ ወደኋላ መልሱት። ሲኒማ ቤቱ ሌዘር ፕሮጀክተር ካለው ይህ ሁሉ ይቀላል፤ ጠይቂ።

ጄኔሬተሩ ሲገባም ሲወጣም የቮልቴጅ መወዛወዝ አለ። ስታቢላይዘር ከሌለ መብራት ተመለሰ ብላችሁ በፊልሙ መሀል አትመልሱት፤ እስኪያልቅ በጄኔሬተሩ ይቀጥል፣ ነዳጁም ለሦስቱም ማሳያ የሚበቃ ይሁን።

---

መብትና_ውል

ዲስኮቹን መመለስ እንዳይረሳ። ውሉ ላይ ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ማሳያ በኋላ በ2 ወይም በ3 ቀን ወደ ቀጣዩ ፌስቲቫል እንድትልኩ ይጠይቃል፤ የመላኪያው ዋጋ አንዳንዴ ከማሳያ ክፍያው ይበልጣል። የጉምሩክ ወረቀቱ ላይ ለባህል ዝግጅት የመጣ፣ የንግድ ዋጋ የሌለውና ተመላሽ መሆኑ ከመግቢያው ጀምሮ ካልተጻፈ ሲወጣ ያስቸግራል። በኢንተርኔት የሚልክ ወኪል ካለ በዚህ ብቻ እንኳ ይመረጣል።

---

የአምፒር_ወንበር

ማሂ፣ የ12ቱ ዝርዝር ሲወጣ እዚሁ ለጥፊው፤ ርዝመቱን፣ ፍሬሙን፣ ቁልፍ እንዳለውና እንደሌለው ከጎኑ ጻፊበት። የክፍተት ሰንጠረዡን አብረን እናየዋለን። ፖስተሩ ላይ ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር አድርጊው፤ የውጭ አገር ሰው ከቀኑ 8 ሰዓት የተባለውን ፊልም ማታ 8 ላይ ሊያይ ይመጣል።